ሐረጎ ላይ ለሚደክም ቱርቦ፦ ግፊቱን እንዴት እንለካ፣ እንዴት እናስተካክል

“ጋሼ፣ ሐረጎ ላይ አልስብ አለኝ። ቱርቦውን ከፍ ያርጉልኝ።” ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው፤ ኮምቦልቻ ጋራዥ ከፍቶ የሚሠራ መካኒክ ይህን ሳይሰማ አይውልም። የእኔ መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ አብሽር፣ መጀመሪያ እንለካው።

ዝም ብዬ አይደለም። ቱርቦ በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ ነው፤ በእኛ አገር መንገድ ማንም ሳይነካውም ብዙ ይለፋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። ኮምቦልቻ ላይ ወደ 81 ይወርዳል፤ ደሴ ላይ ወደ 75። ማለትም ደሴ የቆመ ሞተር ሩብ ያህል አየር ጎድሎበታል።

ቱርቦ ይህን ጉድለት ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ቱርቦ የተገጠመለት የአውሮፕላን ሞተር ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ላይ፣ 4,300 ሜትር ከፍታ ድረስ አውጥቶ የፈተነው ይህንኑ ለማሳየት ነበር። ግን ዋጋ አለው። በባሕር ጠለል 1 ባር (100 ኪሎ ፓስካል) ለመጨመር ቱርቦው አየሩን ሁለት እጥፍ ያምቃል። ደሴ ላይ ያንኑ ያህል አየር ሞተር ውስጥ ለማስገባት 0.75 ባሩን ወደ 2 ባር ማድረስ አለበት፤ 2.7 እጥፍ ገደማ ነው። ይህ የሚሆነው የቱርቦው ዘንግ በፍጥነት ሲሽከረከር ብቻ ነው። የትናንሽ መኪኖች ቱርቦ ደግሞ በደህናው ቀንም በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) “ልክ ነው” እያለ ዘንጉ ከልኩ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ “ትንሽ ከፍ አርጉልኝ” የሚለው ጥያቄ እዚህ እንደ ቆላ ቀላል አይደለም።

አለካኩን እንይ። ጌጁን የምትቀጥሉት ከቱርቦ የወጣውን አየር ከሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር በኋላ፣ አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ አጠገብ ነው። ቱርቦው አፍ ላይ ከቀጠላችሁት መንገድ ላይ የሚጠፋውን አያሳያችሁም። የጌጁ ቱቦ ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ከዚያ መኪናው የተለመደ ጭነቱን ይዞ ሐረጎን ይውጣ። ቀጥ ያለ ቦታ ሲገኝ በሦስተኛ ማርሽ፣ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ነዳጁ እስከ ታች ይረገጥ። ሾፌሩ መንገዱን ይይ፤ ጌጁን የሚያነብ ሌላ ሰው ጎኑ ይቀመጥ። ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ የወጣበትን ከፍተኛና የረጋበትን።

የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ካላችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ስካነር አብዛኛውን ጊዜ ድምሩን ያሳያል። ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ አንብቡ፤ ኮምቦልቻ ላይ 81 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ማለት አለበት። 100 ካለ ሴንሰሩ ላይ ችግር አለ። ሲሠራ 181 ካሳየ ጭማሪው 1 ባር ነው፤ 1.8 ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ያገኛችሁትን ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ ጋር አስተያዩ። ለሁሉም መኪና የሚሆን አንድ ቁጥር የለም።

ቁጥሩ ዝቅ ካለ እጃችሁን ወደ መፍቻ አትስደዱ። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እዩ። ከአፋር ቆላ፣ ከሚሌ በባቲ አድርጎ የወጣ መኪና ፊልትሮው አቧራ ጠጥቶ ነው የሚመጣው። ቀጥሎ ከቱርቦ እስከ ማኒፎልድ ያለውን ቱቦ በሙሉ ፈትሹ። የቱርቦውን መግቢያ በመክደኛ ዝጉና ከኮምፕሬሰር ግማሽ ባር አየር ስጡት፤ 1 ባር አታሳልፉ። መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ የነፋበት ቦታ ሌባው እሱ ነው። የኢንተርኩለሩን ታችኛ ጥግ አትርሱ። ዘይት የነካው ጎማ ቱቦ ከላይ ደህና መስሎ ከሥሩ ይሰነጠቃል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ሁሉም ሽንቁር ግፊት አይቀንስም። ከቱርቦው ወጥታ ወደ አክቹዌተሩ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች። ሥራዋ “በቃ፣ ግፊቱ ሞልቷል” የሚለውን ማድረስ ነው። ይህ ሲደርሰው አክቹዌተሩ የራሱን ዘንግ ገፍቶ ዌስትጌቱን፣ ማለትም የጭስ ማሳለፊያውን በር ይከፍታል፤ ትርፉ ጭስ ቱርቦውን ሳይነካ ያልፋል። ይህቺ ቱቦ ከተሰነጠቀች መልእክቱ አይደርስም። ዌስትጌቱ አይከፈትም። ግፊቱ ይወጣል፣ ይወጣል። ሾፌሩ “ማሻላህ፣ ዛሬ ይስባል!” ይላል። ቱርቦው ግን እያለቀ ነው።

ስትፈትሿት ከጫፏ፣ ከተሰካችበት አፍ ሁለት ጣት ያህል ያለውን ቦታ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ እጠፏት። ሙቀት ያደረቃት ከሆነች ጎማው ይነጣል፤ ቀጭን ጥቁር መስመርም ቀስ ብሎ ይከፈታል። ቀጥ ስትል ያ መስመር አይታይም። ሙቀትና ዘይት በሚችል ቱቦ ለውጧት። ሲቸግር የጉሉኮስ ቱቦ የሚሰኩ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት። ሞተር አጠገብ ይቀልጣል።

አክቹዌተሩን ለመፈተን ጌጅ ያለው የእጅ ፓምፕ ይበቃል። ቀስ ብላችሁ ንፉ። ዘንጉ ሳይንገጫገጭ መውጣት አለበት። የተነፋውን ይዞ መቆየትም አለበት። መርፌው ከወረደ ውስጡ ያለው ሽፋን ተቀዷል፤ አይጠገንም፣ ይለወጣል። ዘንጉ ከዌስትጌቱ ክንድ ሲፈታ ክንዱ በእጅ እንደ ልብ መዞር አለበት። ዝገትና ጥላሸት ከያዘው ዘይት እያጠጡ ማላላት ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ግፊቱ አሁንም ከመጽሐፉ በታች ከሆነ ያኔ ወደ አክቹዌተሩ ዘንግ እንሄዳለን። ከመንካታችሁ በፊት ዳዶው ያለበትን በቀለም ምልክት አድርጉ። ዘንጉ ሲያጥር አክቹዌተሩ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ይወጠራል፤ ዌስትጌቱ ዘግይቶ ይከፈታል፤ ግፊቱ ይጨምራል። ሲረዝም በተቃራኒው። ግማሽ ዙር ብቻ አዙሩ፣ ዳዶውን አጥብቁ፣ ሐረጎ ወጥታችሁ ለኩ። በአንዴ ሦስት አራት ዙር የሚያዞር መካኒክ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

የ3 ሊትሩ ሃይሉክስ ዲ ፎር ዲ እና መሰሎቹ ግን በዚህ አይገዙም። ቱርቦአቸው ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ክንፎች አሉ፤ በኮምፒውተር ነው የሚታዘዙት። እዚያ ጥላሸት ክንፎቹን ሲይዛቸው ግፊቱ አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ይዘላል። መድኃኒቱ ማጽዳት ነው። የክንፎቹን ማቆሚያ ቡሎን አትንኩ።

ስለ ጭስም ላንሣ። ናፍጣ ሞተር ሽቅብ ጥቁር ካጨሰ ነዳጁ ከአየሩ በልጧል ማለት ነው። ግፊት ጨምሮ ጭሱን መሸፈን ይቻላል፤ ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል ወይም የሚገፋው ፖምፓ የተበላሸ ከሆነ ግን ችግሩ እዚያው ነው። የጭስ ሙቀት መለኪያ ካላችሁ ከቱርቦው በፊት 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እግራችሁን አላሉ፣ ማርሽ ቀንሱ። የቤንዚን መኪና ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩን ሳያስተካክሉ ዘንግ ማሳጠር ፒስቶን ያስበሳል። እኔ አልሠራም፤ ለማንም።

ደሴ ላይ “ጉልበት አነሰ” ተብሎ ግፊቱ ከመጽሐፉ በላይ የተወጠረለት መኪና ነገ ጭኖ ሚሌ ይወርዳል። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው። ስፕሪንጉ የሚፈቅደው ጭማሪ በዚያ ላይ ሲደመር ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ግፊት ደሴ ላይ ከነበረው በብዙ ይበልጣል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) የሚበላው ያኔ ነው። ስለዚህ መኪናው የሚወርድበትን ዝቅተኛ ቦታ ጠይቃችሁ ነው ዳዶውን የምታጠብቁት።