የጋሼ የፑል ዱላዎች ጨረታ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሼ የሰበሰቧቸውን የፑል ዱላዎች እንድሸጥ ባለቤታቸው አደራ ሰጡኝ። ለዋሽንግተን አካባቢ የፑል ወዳጆች በቴሌግራም ጨረታ ከፈትኩ። ዋጋ የሚሰጥ ጠፋ። ሁሉም የፈራው አንድ ነገር ነው፦ ዱላው ተጣሞ ቢሆንስ?

መላው ቪዲዮ ሆነ። እያንዳንዱን ዱላ ፈትቼ ሁለቱን ክፍል ለየብቻ፣ ከዚያ ገጥሜ ጠረጴዛው ላይ አንከባለልኩ። ጫፉ ከፍ ዝቅ ካላለ ቀጥ ያለ ነው። የመጋጠሚያውን ብሎን በቅርብ ቀረጽኩ። ክብደቱንም በኩሽና ሚዛን አሳየሁ፤ 19 አውንስ ማለት 540 ግራም ገደማ ነው። ዋጋው ወዲያው ተነቃነቀ።

የዝሆን ጥርስ ያለበትን ግን ከጨረታው አወጣሁት። አሜሪካ በ2016 እ.ኤ.አ. የዝሆን ጥርስ ንግድ ሕጉን አጥብቃለች፤ ማስረጃ የሌለው ዕቃ ጣጣው ብዙ ነው። ለልጃቸው ቀረ።

የተጣመመችውንም «ትንሽ ትዘላለች» ብዬ አቀረብኳት። ግድግዳ ላይ የሚሰቅላት ሰው ወሰዳት።