የሄልሜት ስቲከሩን ለማን ትሰጡታላችሁ?

አሜሪካ ውስጥ የሃይስኩል የአሜሪካ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ የሚያዝበት) ቡድን የምታሠለጥኑ ወይም የምታግዙ ወላጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሄልሜት ስቲከር፣ ማለትም ጥሩ ለሠራ ተጫዋች ሄልሜቱ ላይ የሚለጠፍ የሽልማት ምልክት፣ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ልጆቹ ግን ይሞቱለታል። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በአሠልጣኝ ዉዲ ሄይስ ዘመን፣ በ1968 እ.ኤ.አ. የጀመረው የባክአይ (የቡድኑ መጠሪያ የሆነ ዛፍ) ቅጠል ስቲከር እስከ ዛሬ አለ።

ለታችዳውን (ኳሱን የተጋጣሚ መጨረሻ ክልል አድርሶ ነጥብ ለማስቆጠር) ብቻ አትስጡ። ኳስ ይዞ የሮጠው ልጅ ጭብጨባውን አግኝቷል። ተጋጣሚን ከፊት እየገፋ መንገድ የከፈተለት የመስመር ተጫዋች ግን ኳሷን ሳይነካ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሱን ፈልጉት። ቪዲዮውን አቁማችሁ «እዚች ጋ እዩ፣ አንዱን ገፍቶ ሁለተኛው ጋ ደረሰ» በሉና በጓደኞቹ ፊት ስጡት። ያቺ ደቂቃ ከስቲከሩ ትበልጣለች።

መስፈርቱን ሲዝኑ ሳይጀመር ጽፋችሁ ለጥፉ፤ አለዚያ «አድልዎ ነው» ይመጣል። ከልምምድ ላልቀረ ተቀያሪም ድርሻ ይኑረው። ሽልማቱ እስከ ቀጣዩ ጨዋታ አይደር።

ደግሞ አደራ፣ ሄልሜቱ ላይ ያለውን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እንዳትሸፍኑ። አሮጌ ስቲከር ለማስለቀቅ ቤንዚን ወይም አሴቶን አትጠቀሙ፤ ፕላስቲኩን ይጎዳል። ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ ቀስ እያሉ በጣት።