ራቅ ያለው ክፍል ዋይፋይ ሲደክም፦ ከመግዛት በፊት መለካት

ሳሎን ውስጥ ያለ ችግር የሚሄደው ቪዲዮ ኮሪደሩ ጫፍ ካለው መኝታ ቤት ሲደርስ ይቆማል። ብዙ ሰው ታዲያ ወዲያው ሪፒተር ይገዛና እዚያው በደከመው ክፍል ውስጥ ይሰካዋል። ስልኩ ሙሉ ሲግናል ማሳየት ይጀምራል፤ ኢንተርኔቱ ግን ያው ነው። ሪፒተር የደረሰውን መልሶ ከማስተላለፍ በቀር ከራሱ የሚጨምረው ነገር የለም። ከራውተሩ የሚደርሰው የተቆራረጠ ከሆነ የሚያድለውም የተቆራረጠ ነው። ስልኩ ላይ የሚታየው ምልክት በስልኩና በሪፒተሩ መካከል ያለውን ብቻ ይናገራል፤ ከሪፒተሩ እስከ ራውተሩ ስላለው ምንም አይልም።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ችግሩ የት እንዳለ መለየት ይቀድማል። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል።

ችግሩ የት ነው?

ኮምፒውተር በኔትወርክ ኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኙ፣ የኮምፒውተሩን ዋይፋይ አጥፉና ስፒድ ቴስት አድርጉ። ይህ ቁጥር ጣሪያችሁ ነው፤ ዋይፋይ ከዚህ በላይ ኢንተርኔት ሊሰጣችሁ አይችልም። ቀጥሎ ኬብሉን ነቅላችሁ፣ ከራውተሩ 2 ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ በዋይፋይ ሞክሩ። በመጨረሻ ሩቁ ክፍል ገብታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ መሣሪያው ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሞክሩ። በየቦታው ሦስት ሦስት ጊዜ ለክታችሁ መካከለኛውን ውሰዱ። በመሀል መሣሪያ አትቀይሩ፤ የአንድ ስልክና የአንድ ላፕቶፕ አንቴና እኩል ስላልሆነ ቁጥራቸው አይወዳደርም።

በኬብልም በቅርብም ጥሩ ሆኖ ሩቅ ላይ ብቻ ከወረደ ነገሩ የርቀትና የግድግዳ ነው። በኬብል ጥሩ ሆኖ ራውተሩ አጠገብ እንኳ መጥፎ ከሆነ ወይ ቻናሉ (ዋይፋዩ የሚነጋገርበት የሬዲዮ መስመር) ተጨናንቋል ወይ አንድ ሴቲንግ ተሳስቷል። በኬብልም መጥፎ ከሆነ ግን ዋይፋዩን አትንኩት፤ መፍትሔው ያለው የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ነው። ሩቁ ክፍል ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች አንዱ ብቻ የሚቸገር ከሆነ ደግሞ መሣሪያውን ራሱን ጠርጥሩ። 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያውቅ (5 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ሌላውን የዋይፋይ ባንድ የማይዝ) አሮጌ የዩኤስቢ ዋይፋይ ወይም ባትሪ ለመቆጠብ ዋይፋዩን የሚያዳክም የላፕቶፕ ሴቲንግ የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው።

ፍጥነቱ ደህና ሆኖ የሚያስቸግረው መቆራረጥ ከሆነ ስፒድ ቴስት ብዙም አይረዳም፤ ፒንግ (ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ መለካት) ይሻላል። የራውተሩን አድራሻ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ በኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ "ጌትዌይ" በሚለው ስር ታገኙታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ከሩቁ ክፍል ሆናችሁ ወደዚህ አድራሻ 100 ፒንግ ላኩ። ጤነኛ ዋይፋይ በጥቂት ሚሊሰከንድ ይመልሳል፣ አንድም አይጠፋበትም። መልሱ በመሀል በመሀል ወደ መቶዎች የሚዘል ከሆነ ወይም የሚጠፋ ካለ ችግሩ ቤታችሁ ውስጥ ነው። ወደ ራውተሩ የሚላከው ንጹሕ ሆኖ ወደ 8.8.8.8 (ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻ) የሚላከው የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው።

አሁን የሲግናሉን ጉልበት በቁጥር እዩ። ስልኩ ላይ ያሉትን መስመሮች እርሷቸው፤ እያንዳንዱ አምራች እንደፈለገ ነው የሚስላቸው። አንድሮይድ ላይ ዋይፋይ አናላይዘር የሚባሉት ነጻ መተግበሪያዎች ይበቃሉ። ማክ ላይ ኦፕሽን ቁልፍን ተጭናችሁ የዋይፋዩን ምልክት ስትነኩ ይወጣል። አይፎን ላይ የአፕል ኤርፖርት ዩቲሊቲ መተግበሪያ ስካነሩ ከሴቲንግ ሲከፈት ያሳያል። ቁጥሩ በዲቢኤም ነው፣ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጠንካራ ነው። -50 በጣም ጥሩ ነው፣ -60 ጥሩ ነው። ለቪዲዮ ጥሪ -67 አካባቢ የመጨረሻው ምቹ ወሰን ተደርጎ ይወሰዳል። ከ-70 በኋላ መንገዳገድ ይጀምራል፤ -80 ላይ መገናኘቱ ለስም ያህል ነው። 3 ሲወርድ ኃይሉ በግማሽ፣ 10 ሲወርድ ወደ አንድ አሥረኛ እንደሚቀንስ ካወቃችሁ በ-60 እና በ-80 መካከል ያለው ልዩነት መቶ እጥፍ መሆኑ ይገባችኋል።

ራውተሩን ማንቀሳቀስ፣ ነጻ ስለሆነ

ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር 6 ዴሲቤል ይጠፋል፤ ማለትም ያ የሲግናል ቁጥር በ6 ይወርዳል። ከዚህ የሚብሰው ግድግዳ ነው። ጂፕሰም ወይም እንጨት ጥቂት ዴሲቤል ብቻ ይወስዳል፤ ጡብና ብሎኬት ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ብቻውን 10፣ አንዳንዴም 20 ይውጣል። ብረት ደግሞ ጭራሽ አያሳልፍም። የብረት በር፣ ፍሪጅ፣ ትልቅ መስታወት (ከጀርባው የብረት ቅብ ስላለው) እና ውኃ የሞላ ታንከር በመንገዱ ላይ ካሉ ከጀርባቸው ጥላ ይፈጠራል።

ብዙዎች የሚረሱት የማዕዘኑን ነገር ነው። ሲግናሉ 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለውን ግድግዳ ፊት ለፊት ቢመታ 20 ሳንቲሜትር ያልፋል። ከዚያ ፊት ለፊት መስመር በ60 ዲግሪ አዘንብሎ ቢገባበት ግን 40 ሳንቲሜትር ማለፍ አለበት። ኮሪደሩን ተከትሎ ያለ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በዚህ ነው፤ መስመሩ ሁለት ሦስት ግድግዳ በሰያፍ ይቆርጣል። ራውተሩን 1 ወይም 2 ሜትር አንቀሳቅሶ ከኮሪደሩ በር ትይዩ ማድረግ አንዳንዴ 10 ዴሲቤል ያስገኛል። ከራውተሩ እስከ ክፍሉ ባለው ቀጥታ መስመር ላይ ምን እንዳለ የቤቱን ንድፍ በወረቀት ስላችሁ ተመልከቱ።

ራውተሩ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከቁም ሳጥንና ከቴሌቪዥን ጀርባ ውጭ ይቀመጥ። የውጭ አንቴና ካለው፣ አንቴናው ሲግናሉን የሚበትነው ወደ ጎኑ እንጂ ወደ ጫፉ አይደለም። ስለዚህ ሩቁ ክፍል በዚያው ፎቅ ላይ ከሆነ አንቴናዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ከላይ ወይም ከታች ከሆነ አንዱን አጋድሙት። ራውተሩ ላይ የዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ከተሰካ ነቅላችሁ ለኩ፤ ዩኤስቢ 3 በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ረብሻ ይለቃል። ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው 2.45 ጊጋኸርዝ ላይ ስለሚሠራ፣ መቆራረጡ ምግብ በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

ሴቲንግ ውስጥ የሚነካው

2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ከ5 ጊጋኸርዝ በተሻለ ያልፋል፤ ጎረቤት ሁሉ ያለው ግን እዚያ ነው። በዚህ ባንድ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። "ሰው ስለሌለበት" ብሎ 3ን ወይም 4ን መምረጥ ያከፋል። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች ተደማምጠው በተራ ይናገራሉ፤ በግማሽ የተደራረቡት ግን አንዱ ለሌላው ጫጫታ ብቻ ነው። በአናላይዘሩ ከሦስቱ ጉልበተኛ ጎረቤት የሌለበትን ምረጡ፣ የቻናል ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ላይ አቁሙት።

5 ጊጋኸርዝ ላይ ብዙ ራውተሮች 80 ሜጋኸርዝ ስፋት ይጠቀማሉ። ለሩቁ ክፍል ወደ 40 ማውረድ ሊጠቅም ይችላል፤ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚሰበሰበው ጫጫታም በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ቅርብ ያሉት ከፍተኛ ፍጥነታቸው ይወርድባቸዋል፣ ሩቁ ግን ይረጋጋል። በብዙ አገሮች ከ52 እስከ 144 ያሉትን ቻናሎች ራዳርም ይጠቀምባቸዋል፤ ራውተሩ የራዳር ድምፅ ከሰማ ቻናሉን ለቅቆ የመሄድ ግዴታ አለበት፣ አዲስ ቻናል ከመጀመሩ በፊትም ቢያንስ 60 ሰከንድ ያዳምጣል። የ5 ጊጋኸርዙ ስም አልፎ አልፎ ለአንድ ደቂቃ ያህል ጠፍቶ የሚመለስ ከሆነ ከ36 እስከ 48 ካሉት አንዱን ምረጡና እዩ።

ሴኪዩሪቲው ደብሊውፒኤ 2 በኤኢኤስ ወይም ደብሊውፒኤ 3 ይሁን። በአሮጌው የምስጠራ ዓይነት፣ በቲኬአይፒ፣ ላይ ከቀረ ራውተሩ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን ከ54 ሜጋቢት በሰከንድ አያልፍም።

"ትራንስሚት ፓወር" የሚለውን (የራውተሩን የማስተላለፊያ ኃይል) ወደ ላይ መግፋት ብዙ ተስፋ አይደረግበትም። ራውተሩ ቢጮህም ስልኩ መልሶ የሚናገረው በራሱ ደካማ ድምፅ ነው፤ ንግግሩ የሚቆመው ራውተሩ ስልኩን መስማት ሲያቅተው ነው።

ዋናው መፍትሔ፦ ኬብልና ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት

ቦታውንም ቻናሉንም አስተካክላችሁ ሩቁ ክፍል አሁንም ከ-70 በታች ከሆነ በአየር መታገሉን ተዉት። ኬብል ስቡ። አንድ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ምንም ድካም 1 ጊጋቢት ያደርሳል፤ ምንም ዓይነት ሪፒተር ይህን አይስተካከልም። ካት 5ኢ ይበቃል፣ አዲስ ለሚገዛ ካት 6 ይመረጣል። ንጹሕ መዳብ መሆኑን አረጋግጡ፤ አልሙኒየም ላይ መዳብ የተቀባው ርካሽ ኬብል ሲታጠፍ ይሰበራል። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አታስገቡት። ጫፉን ራሳችሁ የምትመቱ ከሆነ በሁለቱም በኩል ቅደም ተከተሉ አንድ ይሁን፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ፍጥነቱ 100 ሜጋቢት ላይ ተገትሮ ከቀረ አንዱ ሽቦ አልያዘም ማለት ነው፤ 1 ጊጋቢት ስምንቱንም ሲፈልግ 100 ሜጋቢት በአራቱ ብቻ ይሠራል።

እዚያ ጫፍ ላይ የሚሰካው አክሰስ ፖይንት (በኬብል የመጣለትን በዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ) የግድ አዲስ መሆን የለበትም። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ራውተር ይሠራል፦

1. አሮጌውን ራውተር በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ብቻ አገናኝታችሁ ሴቲንጉን ክፈቱ። "አክሰስ ፖይንት ሞድ" ካለው እሱን ምረጡና ቁጥር 2ን፣ 3ን እና 5ን እለፏቸው።
2. የላን አይፒ አድራሻውን ከዋናው የተለየ አድርጉ። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይህን 192.168.1.2 በሉት።
3. ዲኤችሲፒ (ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን) አጥፉ። ይህ ከተረሳ ሁለቱ ራውተሮች አድራሻ ማደል ይሻማሉ፤ አንዳንዱ መሣሪያ ይገናኛል ኢንተርኔት ግን አያገኝም።
4. የዋይፋዩን ስም፣ ፓስወርድና የሴኪዩሪቲ ዓይነት ከዋናው ጋር በፊደል እኩል አድርጉ። ቻናሉን ግን ለዩት፤ ዋናው 1 ላይ ከሆነ ይህ 6 ወይም 11 ላይ ይሁን።
5. ከዋናው የመጣውን ኬብል ላን ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ሰኩ፣ ዋን የሚለው ላይ ሳይሆን። ዋን ላይ ከተሰካ ራሱን የቻለ ሌላ ኔትወርክ ይሆናል፣ ሩቁ ክፍል ያለው ኮምፒውተርም ሳሎን ያለውን ፕሪንተር አያየውም።

ኬብል መሳብ የማይቻል ከሆነ

ሜሽ (በቤቱ ውስጥ ተበትነው እንደ አንድ ዋይፋይ የሚሠሩ መሣሪያዎች) ከሪፒተር ይሻላል፣ በተለይ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሦስተኛ ባንድ ያለው። በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ኢንተርኔት የሚያሳልፈው ፓወርላይን እንደ ቤቱ ሽቦ ይለያያል። ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ፤ በሶኬት ማከፋፈያ በኩል ከሆነ ይዳከማል፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውንም ፍጥነት አትጠብቁ። መመለስ የሚቻል ከሆነ ብቻ ግዙት።

ሪፒተር የመጨረሻው ነው። ባለ አንድ ባንዱ በዚያው ሬዲዮ እየተቀበለ በዚያው ስለሚልክ ፍጥነቱን ቢያንስ በግማሽ ይቀንሰዋል፤ ባለ ሁለት ባንዱን ምረጡ። የሚሰካው በደከመው ክፍል ውስጥ አይደለም። ስልካችሁን ይዛችሁ ከራውተሩ ወደ ክፍሉ ሂዱ፤ ቁጥሩ ከ-60 እስከ -65 የሚያሳይበት ቦታ ላይ ያለው ሶኬት የእሱ ነው። ሜሽም የሚቀመጠው በዚሁ ልክ ነው። የኬብል ቀዳዳ ካለው ቴሌቪዥኑን ወይም ዴስክቶፑን በዚያ አገናኙ፤ አየሩ ለሌሎቹ ይተርፋል።

ሁሉም ከተተከለ በኋላ ስልክ ወደ አዲሱ አልዛወር ብሎ አሮጌውን ሙጭጭ ሊል ይችላል። መቼ እንደሚዛወር የሚወስነው ስልኩ እንጂ ራውተሩ አይደለም፤ አይፎን ለምሳሌ ሌላ የሚፈልገው ያለበት ወደ -70 ሲወርድ ነው። ዋናው ራውተር ሩቁ ክፍል ውስጥ በ-68 የሚሰማ ከሆነ ስልኩ እዚያው ይቆያል። ትራንስሚት ፓወር የሚነካው እዚህ ላይ ነው፣ ወደ ታች። የሁለቱንም የ2.4 ጊጋኸርዝ ኃይል ወደ መካከለኛ አውርዱ፣ ክፍሉ ውስጥ ዋናው ከ-75 በታች እስኪሆን። ከዚያ በሩን ዘግታችሁ ያንኑ 100 ፒንግ በዚያው መሣሪያ ድገሙ፤ አሁንም መልስ የሚጠፋ ካለ ከመሣሪያዎቹ በፊት የኬብሉን ጫፎች ፈትሹ።