ባቄላው ውሃ ሲቋጥርበት ምን ይሆናል?

ሰንዳፋ አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «የአካባቢ ሁኔታ በተክል እድገት ላይ» የሚል ርዕስ ይዘው ይመጣሉ። ርዕሱ እንደዚህ ሰፍቶ ሙከራ አይሆንም፤ አጥብቡት። ለእኛ ሰፈር የሚሆን ጥያቄ ከደጅ አለ። ጥቁሩ አፈራችን በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። እሱን እንፈትሽ።

12 ባለ አንድ ሊትር ባዶ ሃይላንድ እኩል ቁረጡ። አፈሩን ከአንድ ቦታ አምጡና አንድ ላይ ቀላቅላችሁ እኩል ሙሉ። ባቄላውን ውሃ ውስጥ አሳድሩና በየሃይላንዱ 3 ፍሬ፣ 3 ሳንቲሜትር ያህል አጥልቃችሁ ዝሩ። (ክክ አይበቅልም። የሞከረ ተማሪ አለኝ።) እስኪወጣ ድረስ አፈሩን ማርጠብ ብቻ ነው። ከዚያ መጠናቸው የሚቀራረበውን በየሃይላንዱ አንድ አንድ ችግኝ ብቻ አስቀሩ።

አሁን ዕጣ አውጡ። ዕጣ ላይ ድርቅ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተማሪ በዓይኑ ከመረጠ ያማረው ችግኝ ሳይታወቀው ወደሚያዝንለት ወገን ይሄዳል። ዕጣ የወጣላቸውን 6 ሃይላንዶች ታቻቸውን በጋለ ምስማር ብሱ። የቀሩትን 6 አትንኩ። ልዩነቱ ቀዳዳው ብቻ ነው። ውሃውማ ለሁሉም እኩል፦ በሲሪንጅ ለክታችሁ በየሁለት ቀኑ 100 ሚሊ ሊትር።

ሁሉንም አንድ ቦታ ደርድሩ፣ በየሳምንቱም ቦታ አቀያይሯቸው። በበጋ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በሰሜን በኩል ያለ መስኮት አይረባም። በሰኔና በሐምሌ ነገሩ ይገለበጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከፈራችሁ ማታ ማታ ሁሉንም አስገቡ። የደከሙትን ብቻ ካስገባችሁ ሙከራው አበቃ።

ቁመት ብቻ አትለኩ። ቁመት ያታልላል፤ ብርሃን ያጣ ችግኝም ቀጥኖና ገርጥቶ ይመዘዛል። ቅጠል ቁጠሩ፣ ቀለሙን ጻፉ። የሞተ ካለ ከሠንጠረዡ አይሰረዝም፤ ቀኑ ይጻፍ።

ከ5 ሳምንት በኋላ ነቅላችሁ እጠቡና በደንብ አድርቁ፤ እያንዳንዱንም መዝኑ። የኩሽና ሚዛን ለዚህ አይበቃም፤ ወርቅ ሠሪ ጎረቤት ያለው ዕድለኛ ነው። ከማድረቃችሁ በፊት ግን ሥሩን እዩ። ጤነኛው ላይ ትናንሽ እብጠቶች ይኖራሉ፤ ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙ ባክቴሪያዎች ቤት ናቸው። አንዷን ስንጠቋት። ውስጧ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነች። ቀዳዳ ካለውና ከሌለው ስንት ስንት እንዳገኛችሁ ለየብቻ መዝግቡ።