አምፕሊፋየር ከመቀየራችሁ በፊት፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሱቅ ገብታችሁ አምፕሊፋየር ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ዋቱ ነው። ጣጣውም የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማመን

በትልቁ «5000 ዋት» ተጽፎ አጠገቡ «ፒኤምፒኦ» የሚል ካለ ቁጥሩን እርሱት። ለገዢ ዓይን የተጻፈ ነው። የሚፈለገው «አርኤምኤስ» የሚለው ነው፤ ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ጉልበት ማለት ነው። ጀርባውን አዙሩና ከመብራት ስንት ዋት እንደሚወስድ አንብቡ። 120 ዋት የሚወስድ ዕቃ 5000 ከየት ያመጣል?

ደግሞ ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም። ከ50 ወደ 100 ዋት ብትሄዱ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ነው። ጆሮ እጥፍ ሆነ እንዲል ዐሥር እጥፍ ገደማ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ50 ወደ 80 ለመሄድ ብር ማውጣት ለእኔ ኪሳራ ነው።

ስፒከሩን መርሳት

አንድ ዓይነት ጉልበት ብትሰጧቸው፣ 90 ዴሲቤል የተጻፈበት ስፒከር 87 ከተጻፈበት ይበልጥ ይጮኻል። 87ቱ እኩል እንዲሆን እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ኦሙንም (ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚገታበትን መጠን) እዩ። አምፕሊፋየሩ ከ8 ኦም በታች አልችልም እያለ ባለ 4 ኦም ስፒከር ማሰር ማቃጠል ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን አንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን (ፕላሱን ከፕላስ፣ ማይነሱን ከማይነስ) ብታስሩም ያው 4 ይሆናል። ለሰርግ ብለው ስፒከር የሚቀጥሉ ሰዎች ጉድ የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው።

«ትንሽ አምፕሊፋየር ስፒከር አያቃጥልም» ማለት

ያቃጥላል እንጂ! እስከ መጨረሻው ስትከፍቱት የድምፁ ሞገድ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ መጀመሪያ የምትሄደው ትዊተሯ (ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር) ናት። ማሲንቆ ያለበት የአምባሰል ዘፈን ክፈቱና ሞክሩ። ማሲንቆው መሻከር ከጀመረ ቶሎ ቀንሱ።

ቡፌ ውስጥ መዝጋት

በየቤቱ ያለ ነገር ነው፦ ከላይ ዳንቴል፣ ከፊት መስታወት፣ ከኋላ ግድግዳ። ዳንቴሉ ያምራል፣ ግን ሙቀት መውጫውን ደፍኖታል። የደሴ ብርድ ትንሽ ያግዝ ይሆናል፤ ኮምቦልቻ ግን ከደሴ ሞቅ ስለምትል ምሕረት የላትም።

ቮልቱን አለማየት

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 120 ቮልት ሊሆን ይችላል። የእኛ 220 ነው። ሳታዩ እንዳትሰኩ።

ጥፋቱን ሁሉ በአምፕሊፋየር ማላከክ

ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ባዶ ከሆነ ድምፁ ያስተጋባል፤ የፈለጋችሁትን ብትገዙ ለውጥ የለውም። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ይቅደም። ከዚያም አልሆን ካለ፣ ስፒከራችሁን ተሸክማችሁ ሱቁ ሂዱና እዚያው አስከፍቱ። ባለሱቁ ቢስቅ ይሳቅ፣ አብሽሩ። ልዩነቱ ካልተሰማችሁ ብሩን ለተሻለ ስፒከር አስቀምጡት።