ባስ ዓሣን በሌሊት እንዴት ማጥመድ ይቻላል፤ ከውሃና ከዱር እንስሳት አደጋ ራስን እየጠበቁ

ትልቅ አፍ ያለው ባስ የተፈጥሮ መኖሪያው የሰሜን አሜሪካ ሐይቆችና ዝግ ብለው የሚፈሱ ወንዞች ሲሆን፣ ሰዎች ለማጥመድ ሲሉ ወስደው ስላራቡት ዛሬ በጃፓን፣ በደቡብ አውሮፓና በአፍሪካ ባሉ በርካታ ውሃዎችም ይገኛል። በሞቃት ወራት ቀን ላይ ወደ ጥልቁ ወይም ወደ ጥላ ገብቶ የሚያደፍጠው ይህ ዓሣ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ትንንሽ ዓሦችንና እንቁራሪቶችን ለማደን ወደ ዳርቻው ይጠጋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ምንም ያልያዘ አጥማጅ ሲመሽ ትልልቆቹን ሊያገኝ ይችላል። ያው ጨለማ ግን የሰመጠ ግንድን፣ የሚያዳልጥ ድንጋይንና ዳር ላይ የተኛ እንስሳን ከዓይን ይሰውራል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ማጥመዱንና ራስን መጠበቁን ለያይቶ የማያቀርበው፣ ትንሽ ቦታን ጠንቅቆ ማወቅ፣ ብርሃንን መቆጠብ፣ ድምፅን መቀነስና አለመቸኮል ለሁለቱም እኩል ስለሚያስፈልጉ ነው።

ቦታውን በቀን ብርሃን ይወቁ

የሌሊት ማጥመድ የሚጀምረው ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ነው። በመጀመሪያ በዚያ ውሃ ላይ ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ፣ በሌሊት ማጥመድና ጀልባ ማውረድም የተፈቀደ መሆኑን ያጣሩ፤ በርካታ መናፈሻዎች ሲመሽ ይዘጋሉ። ከዚያም ከመጨለሙ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አስቀድመው ይድረሱና አንድ አነስተኛ ቦታ ይምረጡ። ሐይቁን በሙሉ ለማዳረስ መሞከር በቀን እንኳ እምብዛም አይጠቅምም፤ በሌሊት ደግሞ የማያውቁትን ውሃ ደጋግሞ ማቋረጥ ስለሚሆን አደገኛ ነው። ጥቂት መቶ ሜትር ርዝመት ያለው ዳርቻ ለአንድ ሌሊት ይበቃል።

ጥሩ የሚባለው ቦታ ጥልቀት የሌለው መሬት ከጥልቁ ውሃ ጋር የሚገናኝበት ነው፤ ለምሳሌ ወደ ሐይቁ ገባ ያለ የመሬት ጫፍ፣ የውሃ ሣር የሚያበቃበት መስመር፣ ድንጋያማ ቁልቁለት ወይም መብራት ያለው የጀልባ መቆሚያ። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የውሃ ውስጥ ዕፅዋት ቀን ላይ ኦክስጅን ቢያመነጩም በሌሊት ግን እነርሱም ስለሚጠቀሙበት፣ በሣር በታፈነና ውሃው በማይንቀሳቀስበት ጥግ የኦክስጅኑ መጠን እየቀነሰ ሄዶ ሊነጋ ሲል ከሁሉ ዝቅ ይላል። በመሆኑም እንዲህ ያለውን ጥግ በምሽቱ የመጀመሪያ ሰዓታት ይሞክሩት፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነፋስ ወደሚያገኘው ክፍት ዳርቻ ይዙሩ።

ቦታውን እየተዘዋወሩ ሲያዩ ግንድና ድንጋይ የሰመጠበትን፣ ውሃው በድንገት የሚጠልቅበትን፣ ጭቃው እግር የሚይዝበትንና ዝቅ ያለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለበትን ልብ ይበሉ፤ ጂፒኤስ ካለዎት ነጥቦቹን ያስቀምጡ። እንስሳት ወደ ውሃው የሚወርዱበት የተረገጠ መንገድ ወይም ትኩስ ዱካ ካዩ ሌላ መቆሚያ ይፈልጉ። ከግድብ በታች ባለ ውሃ በሌሊት አይቁሙ። ውሃ በድንገት ሊለቀቅ ይችላል፤ አጭር ግድብ ሥር የሚሽከረከረው ውሃም ላይፍ ጃኬት (በውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) የለበሰን ሰው ሳይቀር ይዞ ያስቀራል።

ዕቃውን ሳይጨልም ያዘጋጁ

ሁለት ወይም ሦስት የማጥመጃ ዘንጎች ይበቃሉ። ማባበያቸውን ቤት ሳሉ ወይም በቀን ብርሃን አስረው ይጨርሱ፤ በጨለማ ቋጠሮ ማሰር መብራት ማብራትን፣ መብራት ማብራት ደግሞ ዓሣውን ማስደንገጥንና ዓይንን ማደናገርን ያስከትላል። ባስ በሌሊት ክሩን እምብዛም ስለማያየው ከ7 እስከ 9 ኪሎ ግራም የሚሸከም ጠንካራ ክር መጠቀም ይቻላል፤ በሣርና በግንድ መካከል የተያዘን ዓሣ በፍጥነት ለማውጣትም ይረዳል።

ባስ የሚያድነው በዓይኑ ብቻ አይደለም። በሁለቱም ጎኑ የተዘረጋው የስሜት መስመር በውሃው ውስጥ ያለውን ንዝረት ይይዝለታል፤ ቀና ብሎ ሲያይ ደግሞ ከሰማዩ ደብዛዛ ብርሃን በታች የሚያልፈውን ጥላ ይለያል። ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ሐምራዊ ማባበያዎች ከደማቆቹ የሚመረጡት ጥላቸው ጎልቶ ስለሚታይ ነው። ለጀማሪ ሦስት ዓይነት በቂ ነው፦ አንድ ትልቅ፣ ማንኪያ መሰል፣ የሚሽከረከር ብረት ያለው ስፒነርቤይት፤ የውሃውን ገጽ እያንቦጫረቀ የሚሄድ ተንሳፋፊ ማባበያ፤ እንዲሁም በወለሉ ላይ የሚጎተት ረጅም የፕላስቲክ ትል። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ስፒነርቤይቱን እመርጣለሁ፤ ንዝረቱ ሳይቋረጥ ስለሚመጣ እጅ ላይ የሚሰማው ለውጥ ሁሉ ትርጉም ይኖረዋል።

ስለ መብራት ትንሽ ዘርዘር ማድረግ ያስፈልጋል። የሰው ዓይን ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል፤ አንድ ጊዜ ነጭ ብርሃን ካየ ግን የለመደውን ወዲያው ያጣል። ስለዚህ ቀይ ብርሃን ያለው የግንባር ባትሪ ይያዙ፤ ለቅርብ ሥራ ቀዩን ይጠቀሙ፤ ነጩን ዳርቻውን ለመፈተሽና ለአደጋ ያቆዩት። ሁለተኛ ባትሪ በኪስ መያዝ ግዴታ ነው። ከዚህ ሌላ ረጅም አፍ ያለው ፒንሳ፣ የብረት መቁረጫ፣ ባለ እጀታ መረብ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕቃ፣ ፊሽካ፣ የመጠጥ ውሃና ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ የተቀመጠ ስልክ ያስፈልጋሉ። በጨለማ የሚወረወር መንጠቆ አይታይምና ጥርት ያለ መስተዋት ያለው የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። እጅጌው ረጅም ልብስና ድፍን ጫማ ከትንኝም ከእሾህም ይጠብቃሉ። ዲኢኢቲ (DEET) የተባለ ኬሚካል ያለበት የትንኝ መከላከያ ፕላስቲክን እንደሚያሟሟ አይዘንጉ፤ ከተቀቡ በኋላ ማባበያና ክር ከመንካትዎ በፊት መዳፍዎን ይታጠቡ፤ ወይም ፕላስቲክ የማይጎዳውን ፒካሪዲን ይጠቀሙ።

ውሃው ላይ ራስን መጠበቅ

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምለው ላይፍ ጃኬትን ነው። የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ በየዓመቱ በሚያወጣው የመዝናኛ ጀልባዎች አደጋ ዘገባ፣ ሰጥመው ከሞቱት ሰዎች መካከል ከአምስቱ አራት ያህሉ ላይፍ ጃኬት ያልለበሱ ሆነው ይገኛሉ። ጃኬቱ በጀልባው ውስጥ መኖሩ አይበቃም፤ በጨለማ ከጀልባ የወደቀ ሰው ጃኬቱን ፈልጎ የሚለብስበት ጊዜ አያገኝም፣ ጓደኛውም ወዴት እንደወደቀ ላያይ ይችላል። ስለዚህ ጀልባው ላይ ከመውጣትዎ በፊት ይልበሱት፤ ፊሽካውን እላዩ ላይ ይሰሩት፤ ማረፊያ ደርሰው እስኪወርዱም አያውልቁት። ከዳር ሆነው ድንጋይ ላይ ቆመው የሚያጠምዱ ከሆነም ይኸው ይሠራል።

ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ወሳኝ ናት። ድንገተኛው ቅዝቃዜ ሳይፈልጉ በኃይል አየር እንዲስቡ ስለሚያደርግ፣ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ለመዋኘት ከመታገል ይልቅ ፊትን ከውሃው በላይ አድርጎ ትንፋሽን ማረጋጋት ይገባል። ቀጥሎ እጅና እግር በሚገባ የሚታዘዙት ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ወደ ጀልባው መመለስ፣ ገመድ መያዝ ወይም እርዳታ መጥራት በዚህ ጊዜ መሆን አለበት። ሰውነት ቀዝቅዞ ራስን እስከ መሳት ለመድረስ ግን እስከ 1 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል፣ የሚንሳፈፍ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም። ጀልባዎ የመውጫ መሰላል ከሌለው ከኋላው ጎን መርገጫ ያለው ገመድ አስቀድመው ይሰሩ።

ሞተር ያለው ጀልባ ሲነዱ የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ከራስዎ ጋር ይሰሩ፤ እርስዎ ከወደቁ ሞተሩ ይቆማል፣ ጀልባው ዞሮ አይመጣብዎትም። በአሜሪካ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን በአብዛኞቹ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ መጠቀም በሕግ የሚጠየቅ ሆኗል። የጀልባው መብራቶች በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ ከኋላ ነጭ ሆነው መብራታቸውን ያረጋግጡ፤ መልሕቅ ጥለው ሲቆሙ ደግሞ ከሁሉም አቅጣጫ የሚታየውን ነጭ መብራት አያጥፉ። ዓሣ ያስደነግጣል ብለው የሚያጠፉት አሉ፤ ይህ ከሌላ ጀልባ ጋር ለመጋጨት ቦታ መስጠት ነውና ፈጽሞ አያድርጉት። ፍጥነትዎ በሚያዩት ርቀት ውስጥ መቆም የሚያስችል ይሁን። አልኮል አይጠጡ።

እግርዎን ውሃ ውስጥ አስገብተው የሚያጠምዱ ከሆነ የረጅሙን የውሃ ሱሪ ቀበቶ ጠበቅ አድርገው ይሰሩ፤ በምርኩዝ እየፈተሹ ይራመዱ፤ በቀን ያልረገጡትን ወለል በሌሊት አይርገጡ። ነጎድጓድ ከሰሙ ወዲያውኑ ከውሃው ይውጡ፤ የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ወደ መኪና ወይም ወደ ቤት ገብተው የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። በመጨረሻም ለአንድ የሚያምኑት ሰው የት እንደሚያጠምዱ፣ መኪናዎን የት እንደሚያቆሙና ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ በጽሑፍ ይተዉለት፤ ካልተመለሱ ማንን መጥራት እንዳለበትም ይንገሩት።

ማጥመዱ

ከደረሱ በኋላ መብራት አጥፍተው ዓይንዎ እስኪለምድ በዝምታ ይቀመጡ። በጀልባ ወለል ላይ የሚወድቅ ፒንሳ ድምፁ በውሃው ውስጥ ርቆ ይሰማል፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ወይም ፎጣ ማንጠፍ ይረዳል። ውርወራው አጭር ይሁን፤ ማባበያው የት እንዳረፈ ማወቅ ከርቀቱ ይበልጣል። ከመወርወርዎ በፊት ጓደኛዎ የት እንዳለ በቃል ይጠይቁ።

ማባበያውን በዝግታና ፍጥነቱን ሳይቀያይሩ ይሳቡት፤ ባስ በንዝረት የሚከታተለውን ነገር አቅጣጫውን ገምቶ ነው የሚያገኘው፣ ድንገት ፍጥነቱ ከተለወጠ ያመልጠዋል። ተንሳፋፊው ማባበያ ላይ የውሃ መፈንዳት ሲሰሙ ወዲያው አይጎትቱ፤ ክብደቱ እጅዎ ላይ እስኪሰማ ይጠብቁ፤ ያልተያዘ ዓሣ በኃይል ሲጎተት ባለ መንጠቆው ማባበያ ወደ ፊት ተስፈንጥሮ ሊመጣ ይችላልና። ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ደግሞ ዛፍና ገደል ጥላ የጣሉበትን ዳርቻ ያስቀድሙ።

ከዱር እንስሳት ጋር

በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የባስ ውሃ ማለት በአብዛኛው የአሊጌተርም (የአዞ ዘመድ የሆነ እንስሳ) ውሃ ነው። አሊጌተር ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው ከምሽት እስከ ንጋት ሲሆን፣ ባትሪ ሲበራበት ዓይኑ ቀላ ብሎ ያበራል። ከመቆምዎ በፊት ዳርቻውን በነጩ መብራት ቃኝተው እንዲህ ያለ ዓይን በቅርብ ካዩ ቦታ ይቀይሩ። የተያዘ ዓሣን በገመድ አስሮ ውሃ ውስጥ ማቆየት፣ የዓሣ አንጀት ዳር ላይ መጣልና ውሻ ይዞ መሄድ አሊጌተርን ይጠራሉ። ያጠመዱትን ዓሣ ከተከተለ ክሩን ይቁረጡ። እንስሳው ሲያፏጭ በጣም ቀርበዋል ማለት ነው፤ ፊትዎን ሳያዞሩ ወደ ኋላ ይበሉ። ሆን ብሎ መመገብ ሰውን ከምግብ ጋር እንዲያያይዝ ስለሚያስተምረው፣ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውን ሰው አደጋ ላይ ይጥላል።

በአፍሪካ ባስ በሚገኝባቸው ውሃዎች፣ ለምሳሌ በኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ፣ ጉማሬ ሲመሽ ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል። ሲደነግጥ ወደ ውሃው ስለሚሮጥ በእርሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው ሊረገጥ ወይም ሊነከስ ይችላል። ጉማሬ ወይም የናይል አዞ ባለበት ዳርቻ በእግር ሆኖ በሌሊት ማጥመድ የለብዎትም፤ እዚያ የሚሻለው የጠዋት ብርሃንን መጠበቅ ነው።

እባቦች በሞቃት ሌሊት ዳር ባለው ድንጋይ፣ ግንድና በተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ላይ ያርፋሉ። አብዛኞቹ የውሃ እባቦች መርዝ የላቸውም፤ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የሚገኘው ኮተንማውዝ ግን መርዛማ ነው። በጨለማ ለመለየት አይሞክሩ፤ ከሁሉም ይራቁ። ሳያዩ እጅ ወይም እግር አያሳርፉ፤ ጀልባውንም ከዝቅተኛ ቅርንጫፍ ሥር አያስጠጉ። የተነደፈ ሰው ካለ ቀለበትና ሰዓቱን አውልቀው፣ እንዳይንቀሳቀስ አድርገው በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ያድርሱት። ቁስሉን መብጣት፣ መምጠጥ፣ አጥብቆ ማሰርና በረዶ ማድረግ ይጎዳሉ።

ድብ ባለበት አገር ምግብና ዓሣ በተዘጋ ዕቃ ይያዙ፤ በመንገድ ላይ እየተነጋገሩ ይሂዱ። ድብ ከመጣ ማጥመዱን ያቁሙ፤ ዓሣ ይዘው ከሆነ ክሩን ይቁረጡ፤ ሳይሮጡ ቦታውን ይልቀቁ። የሌሊት ወፍ አንዳንድ ጊዜ ክር ላይ ይጠመጠማል፤ በባዶ እጅ አይንኩት፤ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ በደንብ አጥበው በእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ምክንያት ሳይዘገዩ ሐኪም ያማክሩ። ቢቨር (ጠፍጣፋ ጅራት ያለው፣ በውሃ ውስጥ የሚኖር አይጥ መሰል እንስሳ) በጅራቱ ውሃውን ሲመታ ድምፁ ያስደነግጣል፤ ጀልባ ላይ ቆመው ሳሉ ከሰሙት ሚዛንዎን ይጠብቁ እንጂ አይዝለሉ።

ዓሣውን ማውጣትና መመለስ

ዓሣውን በመረብ ያውጡ፤ በማባበያው ላይ ብዙ መንጠቆ ካለ በጣት ለመያዝ አይሞክሩ። እጅዎን አርጥበው በታችኛው ከንፈሩ ይያዙት፤ ከባድ ከሆነ በሌላው እጅ ሆዱን ይደግፉ፤ መንጠቆውን በፒንሳ ነቅለው ቶሎ ወደ ውሃው ይመልሱት። በሞቃት ወራት ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ስለሆነ ከውሃ ውጭ መቆየቱ ዓሣውን ከወትሮው ይበልጥ ይጎዳዋል። መንጠቆ ሰው ላይ ከተሰካና ጥልቅ ካልሆነ ክሩን ቆርጠው መንጠቆውን በጥንቃቄ ያውጡት፤ ዓይን፣ ፊት፣ አንገት ወይም መገጣጠሚያ አካባቢ ከሆነ ግን ሳይነኩ ሸፍነው ወደ ሐኪም ይሂዱ። የመንጠቆውን የኋላ እሾህ በፒንሳ አስቀድሞ መደፍጠጥ ይህን ሁሉ ያቀላል።

ሲጨርሱ የቆረጡትን ክር ሁሉ ሰብስበው ይያዙ፤ ወፎችና ኤሊዎች ይጠላለፉበታል። የጀልባውን ውሃ እዚያው ያፍስሱ፣ የተጣበቀውን ሣር ያራግፉ፣ ወደ ሌላ ሐይቅ ከመውሰድዎ በፊትም በደንብ እንዲደርቅ ያድርጉ፤ ባዕድ ዕፅዋትና ቀንድ አውጣዎች ከውሃ ወደ ውሃ የሚዛመቱት በዚህ መንገድ ነው። እንቅልፍ ከከበደዎት መኪናው ውስጥ ጥቂት ይተኙና ነቃ ሲሉ ይንዱ፤ እስከዚያው ግን ለሚጠብቅዎ ሰው ከውሃው በሰላም መውጣትዎን ደውለው ያሳውቁ።