የቮልስን ውስጥ በራሳችሁ እጅ ስታድሱ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሮጌ ቮልስ ገዝቶ ውስጡን በራሱ እጅ ለማደስ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቀለም ምርጫ ነው። ቀይ ይሁን ጥቁር፣ ሌዘር ይሁን ጨርቅ። እኔ ግን ቀለሙ ይቆይ እላለሁ። ከሌዘሩና ከሞኬቱ ስር ያለው ነገር ይቅደም። ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው።

ሊብሬ ላይ ያለውን ዓመት አምኖ ዕቃ ማዘዝ። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ሳይጣራ የተሰፋ ልባስ ይታዘዛል። ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ነው፤ በዚያ መሀል ቮልስ ብዙ ተለውጧል። በፈረንጆቹ 1965 ሞዴል ላይ ለምሳሌ መስኮቶቹ ሰፍተዋል። ከዚያ በፊት ላለው መኪና የተቆረጠ ኮርኒስ፣ ማለትም የጣሪያው የውስጥ ልባስ፣ ለኋለኛው ልክ አይመጣም። ፋብሪካው የአዲሱን ዓመት ሞዴል መሥራት የሚጀምረውም በፈረንጆቹ ኦገስት ነበር። ስለዚህ በ1966 መጨረሻ የተመረተው መኪና 1967 ሞዴል ነው። እውነቱን የሚናገረው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። የኋላውን መቀመጫ አንሱትና መሀል ለመሀል በሚሄደው ከፍ ያለ ብረት ላይ ፈልጉት። ቁጥሩ ዘጠኝ አሃዝ ሆኖ በ117 ከጀመረ የ1967 ሞዴል ነው፤ ሦስተኛው አሃዝ ነው ዓመቱን የሚያሳየው። አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትወርዱም ሆነ ከውጭ ስታስመጡ ይህን ቁጥር ያዙ።

ባትሪውን መርሳት። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የቮልስ ባትሪ ያለው ኮፈን ውስጥ አይደለም፤ ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ነው። ከላዩ ያለው የወንበሩ ስፕሪንግ ብረት ነው። በላዩ ያለው የድሮ ሙሌት ደግሞ እንደ ቃጫ ያለ የደረቀ ጭረት ነው፤ እሳት ካገኘ ወዲያው ይያያዛል። ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ብልጭ ይላል። መኪናው ከነሰዎቹ በመንገድ ላይ ሊቃጠል ይችላል።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት የኔጌቲቩን ገመድ አውጡ። ባትሪ ስትቀይሩ ቁመቱን ለኩ፤ ለሌላ መኪና የተሠራ ረጅም ባትሪ እዚያ ቦታ መግባት የለበትም። ክዳኑ ከጠፋም ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ አሠሩለት። ወንበሩን አዲስ አልብሳችሁ ስትመልሱ ደግሞ አንድ ነገር ሞክሩ። ገመዱ እንደተፈታ፣ ቡጢ የሚያህል ሊጥ በፌስታል ጠቅልላችሁ ባትሪው ጫፍ ላይ አስቀምጡ። መቀመጫውን መልሱና ቤት ውስጥ ካላችሁት ከባዱ ሰው ይቀመጥበት። ከዚያ አንስታችሁ እዩ። ሊጡ በጣት ውፍረት ካልተረፈ ቦታው አይበቃም ማለት ነው።

አሮጌውን ቀዶ መጣል። የተቀደደው የወንበር ልብስ ለአዲሱ መለኪያ የሚሆን፣ ያለ ዋጋ የምታገኙት ቅድ ነው። ስፌቱን በምላጭ ፈታችሁ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ቁጥር ጽፋችሁበት አስቀምጡት። ኮርኒሱን ወጥረው የሚይዙት ቅስት ሽቦዎችም እኩል አይደሉም፤ የአንዱ ቦታ ለሌላው አይሆንም። ሲወጡ የትኛው ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደነበር ምልክት አድርጉ። ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው፤ ፎቶ አንሱ።

በዝገት ላይ ሞኬት ማንጠፍ። ወለሉን ሙሉ በሙሉ ግለጡና በካቻቢቴ ጫፍ ንኩት። በተለይ ባትሪው የተቀመጠበትን ቦታ፤ የባትሪ አሲድ ላሜራውን ይበላዋል። ካቻቢቴው ከገባ ብየዳው ይቅደም፣ ቀጥሎ አንቲረስት፣ ሞኬቱ መጨረሻ። እኛ አገር የበግ ሱፍ ሞልቷልና ከሞኬቱ ስር ሱፍ የሚያነጥፉ አሉ። የመንዝ ሱፍ ለባና ወደር የለውም፣ መኪና ወለል ላይ ግን ውሃ መጥጦ ይይዛል። ክረምት ሲወጣ ላሜራው እንደራሰ ይቀራል።

ውሃው በበሩ በኩልም ይመጣል። በመስኮቱ ጠርዝ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ ያለ ነው፤ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ቀዳዳዎቹን ጥረጉ። ከበሩ ልባስ ጀርባ ያለውን ላስቲክም እንደ ቆሻሻ አትጣሉት። እሱ ከሌለ አዲሱ የበር ልባስ አብጦ ይጣመማል።

በብርድ ማጣበቅ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ አለ። በዚያ ሰዓት ማስቲሽ የደረቀ ይመስላል እንጂ አይዝም። ሌዘሩም ገትሮ ይቀራል፤ አይለጠጥም። ሌዘሩን ፀሐይ ላይ ዘርጉት፣ ሥራውን ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አድርጉት። ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ቀቡና በጣት ሲነካ እስከማይከተል ጠብቁ፤ ከዚያ ነው የሚገጥመው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቤቱን ለማሞቅ ብላችሁ የከሰል ምድጃ አታስገቡ። የማስቲሹ ትነት እሳት ይስባል፤ ተዘግቶ የሚነድ ከሰልም ሰው ይገድላል። በሩን ክፈቱ፣ ብርዱን ቻሉት።

ማስቲሹን ስትገዙም ሙቀት የሚችለውን ጠይቁ። ጣርማበርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ፀሐይ ላይ በቆመ ቮልስ ውስጥ ተራው ማስቲሽ ይለሰልሳል፤ ኮርኒሱም ጭንቅላታችሁ ላይ ይወርዳል።

መስታወት ሳያወጡ ኮርኒስ መሞከር። የኮርኒሱ ጠርዝ የሚጣበቀው ከመስታወቱ ጎማ ስር ነው። መስታወቱ ካልወጣ አይሆንም። ጎማው ከደረቀም አብራችሁ ቀይሩት፤ ሁለት ጊዜ መፍታት የሚፈልግ የለም።

የፊት ወንበሩን ሐዲድ ሳይፈትሹ መንዳት። ወንበሩ ሲወጣና ሲገባ ሐዲዱ ይጣመማል፣ ማቆሚያውም ይጎዳል። ማቆሚያው ካልያዘ ዳገት ላይ ወንበሩ ከነሹፌሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ እግር ከፍሬን ይርቃል። መኪናው ቆሞ ሳለ ተቀመጡበት፣ መሪውን ይዛችሁ በኃይል ወደ ፊትም ወደ ኋላም ግፉ። ቀጭ ብሎ ካልያዘ የደብረ ሲናን ቁልቁለት አታስቡት፤ መጀመሪያ ማቆሚያው ይሠራ።